ሊቲየምን ለዓመታት መውሰድ፦ ጥያቄና መልስ

ሊቲየም የተባለው መድኃኒት ለማኒያ (ከልክ ላለፈ የስሜት መጋል ሕመም) እንደሚረዳ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1949 ነው። ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ሰውነት ላይ ምን እንደሚያደርግ ዛሬ በደንብ ይታወቃል፤ ስለዚህ ያሳሰባችሁን ሁሉ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ኩላሊት ይጨርሳል ይላሉ። እውነት ነው?

ሁለት ነገሮች ስለሚምታቱ ለያይቼ ልመልስ። አንደኛው ሽንት መብዛት ነው። ኩላሊት ውሃ እንዳያባክን ከአንጎል የሚላክለት ሆርሞን አለ፤ ሊቲየም ኩላሊቱ ለዚህ ሆርሞን ምላሽ እንዳይሰጥ ያደርገዋል። በቀን ከ3 ሊትር በላይ መሽናት፣ ሌሊት ደጋግሞ መነሳትና ጥማት ይመጣል። መጠኑ ሲቀነስ ወይም ሙሉው መድኃኒት ማታ በአንድ ጊዜ ሲወሰድ ብዙ ሰው ይሻለዋል። አሚሎራይድ የተባለ የኩላሊት መድኃኒት የሚታዘዝላቸውም አሉ። ሽንት በዛ ብላችሁ ግን ውሃ እንዳትቀንሱ፤ ሰውነት ሲደርቅ ሊቲየም ደም ውስጥ ይከማቻል።

ሁለተኛው የማጣራት አቅም መድከም ነው። ይህ አዝጋሚ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 20 ዓመት ከተወሰደ በኋላ ይታያል፣ እጥበት እስከሚያስፈልግ የሚደርሱትም ጥቂቶች ናቸው። የሚያፋጥኑት በደም ውስጥ ያለው መጠን ከፍ ብሎ መቆየቱ፣ ተደጋጋሚ መመረዝ፣ ደም ግፊትና ስኳር ናቸው። አንድ የክሪያቲኒን (ኩላሊት ሲደክም በደም ውስጥ ከፍ የሚል ቆሻሻ) ውጤት ብቻውን ብዙ አይናገርም። የቆዩትን ውጤቶች በቀን ቅደም ተከተል በአንድ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ያዙ። 0.8 የነበረው በ3 ዓመት 1.2 ከገባ፣ ላብራቶሪው «ጤናማ» ቢለውም ሐኪሙ ሊያየው ይገባል።

ጥያቄ፦ ምርመራው በየስንት ጊዜ ነው? እንዴትስ ነው የሚደረገው?

የሊቲየም መጠን መድኃኒቱ በተጀመረ ወይም በተቀየረ ከ5 እስከ 7 ቀን ውስጥ፣ እስኪረጋጋ በየሳምንቱ፣ በመጀመሪያው ዓመት በየ3 ወሩ ይለካል። ከዚያ በኋላ ለተረጋጋ ሰው በየ6 ወሩ ይበቃል፤ ለአረጋውያንና ኩላሊታቸው ለደከመ ግን በየ3 ወሩ ይቀጥላል። ክሪያቲኒን፣ ካልሲየምና ቲኤስኤች (የእንቅርት ዕጢን ሥራ የሚያሳይ ሆርሞን) በየ6 ወሩ ይታያሉ።

ብዙ ስህተት የሚፈጠረው ሰዓቱ ላይ ነው። ደም የሚቀዳው የመጨረሻው ክኒን ከተወሰደ 12 ሰዓት ሲሞላው ነው፦ ማታ 3 ሰዓት የወሰደ፣ ጠዋት 3 ሰዓት ይሰጣል። የጠዋት ክኒን ካለ ከተቀዳ በኋላ ይዋጣል። ቱቦውም ይጠየቅ፤ ሊቲየም ሄፓሪን (ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ፣ ራሱ ሊቲየም ያለበት ንጥረ ነገር) ባለበት ቱቦ ከተቀዳ ውጤቱ በሐሰት ከፍ ይላል። ለአብዛኛው ሰው ተፈላጊው መጠን ከ0.6 እስከ 0.8 ሚሊሞል በሊትር ነው። ከ1.5 በላይ መርዝ ነው፤ አረጋውያን ከዚያ ባነሰም ሊመረዙ ይችላሉ።

ጥያቄ፦ ቲኤስኤች ከፍ ብሏል ተባልኩ። ሊቲየሙን ላቁም?

ለዚህ ብቻ ብለው አያቁሙ። ሊቲየም የእንቅርት ዕጢን ሥራ ያዳክማል (ቲኤስኤች ከፍ የሚለው ለዚህ ነው)፣ በሴቶች ላይ ደግሞ ይበዛል። የዕጢውን ሆርሞን የሚተካው ሊቮታይሮክሲን ይጨመርና ሊቲየሙ ይቀጥላል። የዕጢው መዳከም ራሱ ድብርት ስለሚያመጣ፣ «ሕመሙ ተመለሰ» ተብሎ ሌላ መድኃኒት ከመጨመሩ በፊት ቲኤስኤች ይታይ። ካልሲየምም አይረሳ፤ ከፍ ካለ የፓራታይሮይድ ዕጢ (ካልሲየምን የሚቆጣጠረው የአንገት ዕጢ) መታየት አለበት።

ጥያቄ፦ ለወገብ ሕመም ኢቡፕሮፌን እወስዳለሁ።

ይህ አደገኛ ነው። ኢቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ሊቲየም በሽንት እንዳይወጣ ያደርጋሉ። ፓራሲታሞል ይሻላል። የደም ግፊት መድኃኒቶቹ ኢናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድም እንዲሁ መጠኑን ከፍ ያደርጋሉ። ጨው በድንገት መቀነስም ያው ነው፤ ሶዲየም ሲያንስ ኩላሊት ሊቲየምን ይይዛል።

ጥያቄ፦ ማርገዝ አስባለሁ። ወደ ቫልፕሮኤት (ሌላ የስሜት ማረጋጊያ መድኃኒት) ልቀይር?

እባክዎ አይቀይሩ። ቫልፕሮኤት ለጽንስ በጣም የከፋ ነው፤ ከ10 ሕፃናት 1 ያህሉ ከባድ የአፈጣጠር ጉድለት ይኖረዋል፣ ከ10 ከ3 እስከ 4 የሚሆኑት ደግሞ በአእምሮ እድገት ይቸገራሉ። ሊቲየም በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት የልብ አፈጣጠር ችግር ዕድልን ይጨምራል፤ አደጋው ከመጠኑ ጋር አብሮ ያድጋል። ከመፀነስዎ በፊት ከሐኪምዎ ጋር ይወስኑ።

ጥያቄ፦ 6 ዓመት ሙሉ ደህና ነኝ። በቃ ልተወው?

ደህና የሆኑት ምናልባት ስለሚወስዱት ነው። በድንገት ሲቆም ማኒያው በወራት ውስጥ የመመለስ ዕድሉ ከፍተኛ ነው። ሊቲየም ራስን የማጥፋት አደጋን ስለሚቀንስ ያ ጥበቃም አብሮ ይሄዳል። ይቁም ከተባለ ቢያንስ በ4 ሳምንት፣ ቢቻል በ3 ወር ቀስ እየተባለ ይቀነስ።

መርዝነት ሲጠረጠር ግን ሌላ ነው። ማስታወክ ወይም ተቅማጥ፣ የእጅ ከባድ መንቀጥቀጥ፣ መንገዳገድ፣ መኮላተፍ፣ መደናበር ከታየ ቀጣዩን ክኒን አይዋጡ፤ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። የዘገየ ሰው ሚዛን የመጠበቅና የመናገር ችሎታው እስከ መጨረሻው ሊጎዳ ይችላል።