መጀመሪያ ቁልፉን ተጫኑት፦ ስለ ክሮኖግራፍ ሰዓቶች ጥያቄና መልስ

ስለ ውድ ክሮኖግራፍ ሰዓቶች የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ አላሳፈራችሁኝም። ሰዓት ሠሪ አይደለሁም። ሃያ ዓመት ገደማ ስገዛ፣ ስሸጥ፣ አንዳንዴም ስሞኝ የኖርኩ ሰብሳቢ ነኝ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ይቅርታ፣ ከመሠረቱ ልጀምር። ክሮኖግራፍ ምንድን ነው?

ሰዓቱ ሥራውን ሳያቋርጥ በጎን ባሉት ቁልፎች ሌላ ቆጠራ የምታስጀምርበት፣ የምታቆምበትና ወደ ዜሮ የምትመልስበት ሰዓት ነው። ስሙ ከግሪክ የመጣ ነው፣ «ጊዜ ጸሐፊ» እንደማለት። በ1821 ኒኮላ ሪዮሴክ የፈረስ ውድድር የለካበት መሣሪያ የምር ይጽፍ ነበር፤ ፊቱ ላይ የቀለም ጠብታ ያሳርፋል። ቀለሙ ቀረ፣ ስሙ ጸና።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ኦሜጋ ስፒድማስተርና ሮሌክስ ዴይቶና መሀል ቆሜ ቀረሁ። እርስዎ ቢሆኑ የትኛውን ይገዛሉ?

ስፒድማስተርን። ምክንያቱን ግን ስማ፤ በማሽን ጥራት ዴይቶና ይበልጣል። የአሁኑ ዴይቶና ማሽን 4131 ይባላል፤ አውቶማቲክ ነው (በእጅህ እንቅስቃሴ ራሱን ይሞላል)፣ በሰከንድ 8 ጊዜ ይመታል፣ አውልቀህ ብታስቀምጠው ለ72 ሰዓት ያህል ይሄዳል። ስፒድማስተር ፕሮፌሽናል በ3861 ማሽኑ በሰከንድ 6 ጊዜ ነው የሚመታው፤ ሞላውን በእጅህ ካልሞላኸው በ50 ሰዓት ገደማ ይቆማል። ውሃም ቢሆን ዴይቶና 100 ሜትር ሲችል ስፒድማስተር 50 ላይ ያበቃል።

ታዲያ ምን ነካህ አትለኝም? ዴይቶናን ለመጠቀም መጀመሪያ የተጠመዘዙትን ቁልፎች መፍታት አለብህ። ቁልፉን ስትፈታ ሯጩ ሄዷል! ደግሞ ሱቅ ገብተህ ስጡኝ ብትል የምትመዘገበው ወረፋ ላይ ነው፤ ወረፋውን ትተህ ከነጋዴ ልግዛ ካልክ ከሱቁ ዋጋ በላይ ትጠየቃለህ። ስፒድማስተርን ግን ዛሬ ገዝተህ ዛሬ ታስራለህ፣ አውራ ጣትህም ሳታስበው ቁልፉን ያገኛል።

ጥያቄ፦ ስፒድማስተር ጨረቃ ላይ ወጥቷል የሚለው ታሪክ ማስታወቂያ ብቻ ነው ይላሉ። እውነት ነው?

ማስታወቂያም ነው፣ እውነትም ነው። ናሳ በ1965 ስፒድማስተርን ያጸደቀው በሙቀት፣ በብርድ፣ በንዝረትና አየር በሌለበት ክፍል ፈትኖ ነው። በ1969 አርምስትሮንግ የራሱን መንኮራኩሩ ውስጥ ትቶ ጨረቃ ላይ ሲወርድ፣ በዝ ኦልድሪን ግን አስሮት ወጣ። እኔ የምወደው ቀጣዩን ዓመት ነው። ወደ ጨረቃ ይጓዝ የነበረው መንኮራኩር አፖሎ 13 ከተጎዳ በኋላ አቅጣጫ ለማስተካከል ሞተሩ 14 ሰከንድ ብቻ መንደድ ነበረበት፤ ያን የቆጠሩት በእጅ ሰዓት ነው። አንድ ነገር ልጨምር፦ ኦልድሪን ያሰረው ሰዓት ውስጥ የነበረው 321 የሚባለው ማሽን ነው። ሻጭ የ1970ዎቹን ሰዓት ይዞ «ጨረቃ የረገጠው ማሽን ነው» ቢላችሁ ፈገግ በሉ፤ በ1968 በ861 ተተክቷል።

ጥያቄ፦ ኮለም ዊል፣ ቨርቲካል ክላች የሚሉት ነገር ለእኔ ቢጤ ምን ይለውጣል?

መኪና የምትነዳ ከሆነ ገብቶሃል። ክላች ያው ፍሪሲዮን ነው። በድሮው አሠራር ቁልፉን ስትጫን አንድ ማርሽ ከጎን ተንሸራቶ ከሚሽከረከረው ጋር ይነካከሳል። ጥርስ ለጥርስ ሳይገጣጠም ሲቀር የሰከንድ ቆጣሪዋ ስትነሳ ትንሽ ትዘላለች። ቨርቲካል ሲሆን ግን ሁለት ዲስኮች እንደ መኪና ፍሪሲዮን ይጣበቃሉ፤ ቆጣሪዋ ሳትደናገጥ ትነሳለች። ዴይቶና እንዲህ ነው፣ ስፒድማስተር የድሮው ነው። ስለዚህ የስፒድማስተርን ቆጠራ ቀኑን ሙሉ ክፍት አትተወው፤ ማሽኑ ላይ ሸክም ነው።

ኮለም ዊል ደግሞ ትእዛዝ አስተላላፊው ነው፤ ምሰሶዎች የቆሙበት ትንሽ ጎማ። ርካሹ አማራጭ ካም ይባላል፣ ቅርጽ የወጣለት ጠፍጣፋ ብረት ነው። በኮለም ዊል ቁልፉ ለስለስ ብሎ ይገባል፤ በካም ጠንከር ይላል፣ ከዚያ ቀጭ! ሰብሳቢ ካምን ይንቃል። እኔ አልንቅም፣ አሁን ያሞገስኩት 3861 በካም ነው የሚሠራው።

ጥያቄ፦ ዜኒት ኤል ፕሪሜሮ ለምን እንደ ሁለተኛ ደረጃ ይታያል?

በስም ብቻ ነው። በጥር 1969 ይፋ የሆነ አውቶማቲክ ክሮኖግራፍ ነው፤ በሰከንድ 10 ጊዜ ይመታል፣ የሰከንድን አንድ አሥረኛ ይለካል። በ1975 የኳርትዝ (የባትሪ) ሰዓት ገበያውን ሲያጥለቀልቀው የፋብሪካው ባለቤቶች ሥራው ይቁም አሉ። ሻርል ቬርሞ የሚባል ሠራተኛ ግን መሣሪያዎቹንና ሰነዶቹን ሰብስቦ ጣሪያ ሥር ደበቃቸው። ማሽኑ በ1980ዎቹ እንደገና የተነሳው በዚያ ነው። ከ1988 እስከ 2000 ድረስ ዴይቶና ውስጥ የነበረው ማን መሰለህ? ይኸው ኤል ፕሪሜሮ፣ ፍጥነቱ በሰከንድ ወደ 8 ተቀንሶ። ዛሬ ወረፋ የሚጠበቅለት ሰዓት ለቬርሞ ውለታ አለበት።

ጥያቄ፦ ገንዘብ ችግር ካልሆነ ፓቴክ ወይስ ላንገ?

ላንገ ዳቶግራፍ። ፓቴክ ለረጅም ጊዜ ክሮኖግራፎቹን የሠራው ሌማኒያ ከሚባል ማሽን ሠሪ በወሰደው መነሻ ላይ ነው፤ ሙሉ በሙሉ የራሱ የሆነውን በእጅ የሚሞላ ማሽን ያወጣው በ2009 ነው። ላንገዎች፣ የግላሹተ ከተማዎቹ ጀርመኖች፣ ዳቶግራፍን በ1999 ሲያወጡ የራሳቸውን ማሽን ይዘው ነው የመጡት። አንድ ጊዜ ብቻ፣ የወዳጄን፣ እጄ ላይ ይዤዋለሁ። በጀርባው መስታወት ስታየው ከተማን ከአውሮፕላን እንደማየት ነው፤ ማንሻው በማንሻ ላይ፣ ጠርዙ ሁሉ ተሞርዶ የሚያብለጨልጭ። ሰከንዷ ዙሯን ስትጨርስ የደቂቃዋ ቆጣሪ አትሳብም፣ በአንድ ጊዜ ዘላ ቦታዋን ትይዛለች። ያን ዝላይ ለማየት ስድስት ደቂቃ ቆጥሬ ወዳጄ ሰዓቱን ተቀበለኝ።

ጥያቄ፦ ኢንቨስትመንት ይሆናል?

አይሆንም። የፊልም ተዋናዩ የፖል ኒውማን ዴይቶና በ2017 ኒውዮርክ ላይ በ17.75 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ፤ የተከፈለው ግን ለሰውየው ነው። የንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ ፓቴክም (ክሮኖግራፍ ሳይሆን የቀን መቁጠሪያ ያለው ነው) በዚያው ዓመት ጄኔቫ ላይ ከ2 ሚሊዮን ፍራንክ በላይ አውጥቷል። የእኔና የአንተ ስም ይህን አይጨምርለትም። በ2022 መጀመሪያ ጣሪያ በነካ ዋጋ የገዙትን ጠይቅ።

ጥያቄ፦ ከሜሪላንድ ነኝ። ያገለገለ ልገዛ ነው፣ ምን ልይ?

እህቴ፣ መጀመሪያ ቁልፉን ተጫኚ፣ ከዚያ ዋጋ ጠይቂ። አስጀምሪ፣ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይሂድ፣ አቁሚ፣ ወደ ዜሮ መልሺ። ቆጣሪዋ 12 ላይ ልክ ካላረፈች ቆም በይ። እኔ አንዴ ከዜሮ አንድ ሰከንድ አልፋ የምትቆመውን «ይህማ ቀላል ነው» ብሎኝ አንድ ነጋዴ ሸጠልኝ። ሲከፈት ውስጡ የደረቀ ዘይት ነው፤ የሰርቪሱ ሂሳብ የሰዓቱን ዋጋ ሲሶ በላ። የማሰሪያው መያዣ ጠርዞች ከተሟሟሙም ብዙ ጊዜ ተሞርዷል ማለት ነው። ጭረት ይሻላል።

ጥያቄ፦ አንተ ዛሬ የትኛውን አስረሃል?

ስፒድማስተሬን፣ በሐበሻ አቆጣጠር ሞልቼ። (የክሮኖግራፍ ደስ የሚለው ይኸው ነው፤ ስድስት ሰዓቱን ብትቀንስም ባትቀንስም ሰከንዱ አንድ ነው።) ጠዋት የልጄን 400 ሜትር ለካሁበት፦ 1 ደቂቃ ከ19። እሱ 18 ነው ይላል፤ ከላይ የጻፍኩትን አንብቦ «ፍሪሲዮኑ ዘሎ ነው» እያለ ይከራከረኛል።