እናትሽን ይዘሽ ግሸን ልትመጪ ካሰብሽ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን አነበብኩት። ከአሜሪካ መጥተሽ እናትሽን ለመስከረም 21 ግሸን ማርያም ልታሳልሚ አስበሻል። እናትሽ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ያለሽ ፈቃድ አጭር ነው። «ከደሴ ጠዋት ወጥተን ማታ መመለስ እንችላለን ወይ?» ነው ያልሽው። እኔ ተወልጄ ያደግኩት ደሴ ነው። እናቴንም በስተርጅናዋ ይዣት ወጥቻለሁ። የማውቀውን ልንገርሽ።

በአዘቦት ቀን መኪና ተከራይቶ ደርሶ መመለስ ይቻላል። ለንግሥ ግን አይታሰብ። ጉልበት ለሚያመው ሰው በየትኛውም ቀን ቢሆን ማደር ይሻላል።

ግሸን አምባ ነው። ዙሪያው ገደል፣ መግቢያው አንድ በር። የድሮ ነገሥታት ልዑላኑን እዚያ ላይ ያስሩ የነበረው ማንም እንዳሻው ስለማይወጣና ስለማይወርድ ነው። እንግዲህ በንግሥ ቀን ያ ሁሉ ሕዝብ የሚያልፈው በዚያችው በር ነው። ከቅዳሴ በኋላ የሚወርደውና ገና የሚወጣው እዚያ ላይ ይገናኛል። ሰው ልጁን ከራሱ በላይ ከፍ አድርጎ ይይዛል። ሽማግሌዎች ጀርባቸውን ዓለቱ ላይ ደገፍ አድርገው ግፊያው እስኪያልፍ ይቆማሉ። አንዱ ውሃ በጆግ ያቀብላቸዋል። እንደዚያ ቆሞ መጠበቅ ለጤነኛም ከባድ ነው፤ ለታመመ ጉልበት ደግሞ ከዳገቱ ይብሳል።

ስለዚህ ቲኬት ሳትቆርጪ በፊት እናትሽን አንድ ነገር ጠይቂያቸው። ስለታቸው ለቀኑ ነው ወይስ ለእመቤታችን?

ለቀኑ ከሆነ አትከልክያቸው። መስከረም 21 ቀላል ቀን አይደለም። አጼ ዘርዓ ያዕቆብ «አንብር መስቀልየ በዲበ መስቀል» (መስቀሌን በመስቀል ላይ አኑር) ተብለው በሕልም ታዘው፣ መስቀለኛ ቦታ ሲፈልጉ ኖረው፣ ግማደ መስቀሉን፣ ጌታ የተሰቀለበትን መስቀል ክፋይ፣ ያሳረፉት እዚህ አምባ ላይ ነው። የግሸን ጥንታዊ መጽሐፍ፣ መጽሐፈ ጤፉት፣ የሚተርከው ይህንኑ ነው። አምባው ራሱ መስቀለኛ ነው። ይህን እያሰበ ዓመት ሙሉ የጠበቀን ሰው «ሌላ ቀን ይሁንልዎ» ማለት ይከብዳል። እንደዚያ ከሆነ ግን ቀደም ብላችሁ ግቡ። በ18 ወይም በ19 ውጡ፣ ስትመለሱም በ22 ውረዱ። ቦታ ሳይያዝ ማደሪያ ታገኛላችሁ። እናትሽም በራሳቸው እርምጃ፣ እያረፉ ይወጣሉ። እናቴን ያወጣኋት እንዲህ ነው፤ በየታዛው እየተቀመጠች፣ በምርኩዝ፣ ማንም ሳይገፋት።

ስለቱ ለእመቤታችን ከሆነ በጥር ኑ። ጥር 21 አስተርእዮ ማርያም ናት፤ እሷም ትከበራለች። በመስከረም የክረምቱ ጭቃ ገና አይደርቅም፣ መኪናም ይይዛል። በጥር መንገዱ ደረቅ ነው። እኔን ብትጠይቂኝ ለእናትሽ የምመርጠው ጥርን ነው። መስከረም 21 በፈረንጆቹ ኦክቶበር 1፣ ጥር 21 ደግሞ ጃንዋሪ 29 ይውላል። ጳጉሜ 6 ከሆነች በሚቀጥለው ዓመት ሁለቱም በአንድ ቀን ይገፋሉ። ቲኬት ስትቆርጪ እዚህ ላይ እንዳትሳሳቺ።

ከአዲስ አበባ ደሴ በመኪና 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለእናትሽ ግን እስከ ኮምቦልቻ በአውሮፕላን፣ ከዚያ ደሴ በታክሲ ይሻላል። ደሴ ላይ ቢያንስ አንድ ቀን ይረፉ፤ ከተማዋ ደጋ ናት፣ ለትንፋሽም ጊዜ ያስፈልጋል። በንግሥ ሰሞን ሆቴል ስለሚሞላ ቀድመሽ ያዢ። የመንገዱን ጸጥታ ደግሞ ከመነሳትሽ በፊት እዚህ ያለ ሰው ጠይቂ። ባለፉት ዓመታት ያየነውን ታውቂያለሽ። መንገዱ ጥሩ አይደለም ከተባልሽ ቀኑን አሸጋግሪው።

ጋቢ ከአንድ በላይ ያዙ፤ የአምባው ሌሊት ብርድ አጥንት ይሰብራል። መድኃኒታቸው በእጅ ቦርሳሽ ይሁን፣ ሻንጣ ውስጥ አትክተቺው። ባትሪ፣ በሶ፣ ቆሎ፣ የሚጠጣ ውሃ ያዙ። ለእናትሽ ቶሎ የሚወልቅ ጫማ አድርጊላቸው፣ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ጎንበስ ብሎ ማሰሪያ መፍታት ይከብዳቸዋል። ጥሬ ብር ከደሴ አውጥተሽ ሂጂ።

ሐይቅ እስጢፋኖስንም በዚያው እንሳለማለን ብለሻል። ገዳሙ ሴት አያስገባም። ሐይቁን አይታችሁ፣ ከውጭ ተሳልማችሁ ማለፍ ትችላላችሁ። ለዚያ ብለሽ ግን ሙሉ ቀን አትመድቢ፤ ያንን ቀን ለግሸን ጨምሪው።

የምግቡ ነገር አያሳስብሽ። ወሎ ነው፣ በየመንገዱ ክርስቲያኑም እስላሙም ተሳላሚ ሲያይ «ግቡ፣ ቡና ጠጡ» ይላል። አብሽሪ።

እናትሽ ስለት ካላቸው፣ ጃንጥላም ይሁን ገንዘብ፣ መንገድ ላይ «እኔ አደርስልዎታለሁ» ለሚል ሰው አይስጡ። ላይ ወጥታችሁ ለቤተ ክርስቲያኑ ጽሕፈት ቤት አስረክቡና ደረሰኝ ተቀበሉ።