ላብራቶሪ ሳልገባ በናኖ ቁስ ዶክትሬት?

ጥያቄ፦ በፊዚክስ ማስተርሴን ጨርሻለሁ። ናኖ ቁሶችን በኮምፒውተር ሲሙሌሽን ማጥናት እፈልጋለሁ። ላብራቶሪ ብዙም አልሠራሁም፤ ፕሮግራሚንጌም ደካማ ነው። ማን ይቀበለኛል?

መልስ፦ አይዞሽ፣ እኔም ስጀምር ከዜሮ ብዙ አልርቅም ነበር። የመጀመሪያ ሥራዬ ትንሽ የወርቅ ቅንጣት በኮምፒውተር ማቅለጥ ነበር። ወርቅ በ1064 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል። ቅንጣቱ ጥቂት ናኖሜትር (የሜትር ቢሊዮንኛ) ብቻ ሲሆን ግን ከዚያ በታች ይቀልጣል፤ ብዙዎቹ አቶሞች ገጽ ላይ ስለሆኑ የሚይዛቸው ጎረቤት ያንሳል። የእኔዋ ቅንጣት ግን ገና ሳትሞቅ ተበታተነች። ሦስት ቀን እንቅልፍ አጣሁ። ለካ የጊዜ እርምጃውን፣ ማለትም ኮምፒውተሩ በእያንዳንዱ ስሌት ወደፊት የሚሄደውን ጊዜ፣ 1 ፌምቶሰከንድ (የናኖሰከንድ ሚሊዮንኛ) ማድረግ ሲገባኝ 100 ብዬ ጽፌ ኖሯል!

አንቺም ይህንኑ ሞክሪ። ላምፕስ (LAMMPS) የሚባለው የአቶሞችን እንቅስቃሴ የሚያሰላ ሶፍትዌር በነፃ ይገኛል፤ ጥቂት መቶ አቶም ላፕቶፕ ይችለዋል። 1 ናኖሰከንድ ለማየት 1 ሚሊዮን እርምጃ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ኮምፒውተሩ እንዲሠራ ትተሽው ተኚ። ከዚያ ያገኘሽውን ግራፍ አብረሽው መሥራት ለምትፈልጊው ፕሮፌሰር ከምትጽፊው አጭር ደብዳቤ ጋር አያይዢ። ከረጅም የምስጋና ደብዳቤ ይልቅ ግራፉ ይናገርልሻል።

ቦታውን በተመለከተ፣ በብዙ የአውሮፓ አገሮች ዶክትሬት እንደ ሥራ ማስታወቂያ ይወጣል፤ ደመወዝ አለው። አሜሪካ በአብዛኛው የምታመለክቺው ለትምህርት ክፍሉ ነው። በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ የሚደገፉትን የማሪ ኩሪ የዶክትሬት ኔትወርኮችንም እዪ። እዚያ አንድ ደንብ አለ፦ ባለፉት 36 ወራት ውስጥ በተቀባዩ አገር ከ12 ወር በላይ የኖረን አይቀበሉም። እዚያ አገር ካልኖርሽ ለአንቺ ይሄ እንቅፋት ሳይሆን ዕድል ሊሆን ይችላል።