ስለ ኮምቢኖ ትራም ጠይቁኝ (ከተማውንና ሞዴሉን ሳትጠቅሱ እንዳትመጡ)

እዚህ አውሮፓ የትራም ጥገና ላይ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል፣ ግማሹን ተሽከርካሪ ሥር ተኝቼ። ዛሬ ማታ እረፍት ነኝ፣ ጠይቁ። ዝም ብሎ "ትራሙ" የሚል ጥያቄ አልመልስም።

ሚጡ፦ ጋሼ፣ የሲመንሱ ኮምቢኖ ተሰነጠቀ ሲባል ምን ሆኖ ነው?

መልስ፦ ይቺን ነበር የምጠብቀው። ኮምቢኖ ወለሉ ከዳር እስከ ዳር ዝቅ ያለ ነው። ጋሪ የምትገፋ እናት ደረጃ ሳትወጣ ትገባለች፣ ደስ ይላል። ግን ወለሉ ሲወርድ ቦጊው፣ ማለትም ጎማዎቹ የታሰሩበት ጋሪ፣ እንደ ልቡ የሚዞርበት ቦታ አጣ። ስለዚህ አንዱን ክፍል ቦጊ ላይ አስቀመጡ፣ ቀጣዩን ያለ ጎማ መሃል አንጠለጠሉት። አሁን ትራሙ ወደ ቀኝ ታጥፎ ወዲያው ወደ ግራ ሲታጠፍ አስቡት። የተንጠለጠለው ክፍል እንደታጠበ ልብስ ይጠመዘዛል፣ ጭንቁን ሁሉ የሚችለው መጋጠሚያው ነው። አካሉ ደግሞ አሉሚኒየም ነው፣ ደጋግመው ሲያጣምሙት ይደክማል። እ.ኤ.አ. በ2004 ማርች ላይ አምራቹ ሲመንስ ራሱ ከ120,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሮጡት ከሥራ ይውጡ አለ። ስንጥቁን ከሩቅ አታዩትም፤ በእጅ ባትሪ ስትፈልጉት ፀጉር የምታክል መስመር ናት፣ ቀለሙ ትንሽ ተነስቶ።

ቶሎሳ፦ ትራም ይሻላል አውቶቡስ?

መልስ፦ የት ከተማ? ለስንት ሰው? ቀጣይ።

የሺ፦ ቡዳፔስት ረጅም ቢጫ ትራም ተሳፍሬ ነበር፣ እሱም ኮምቢኖ ነው አሉኝ። አይፈራም?

መልስ፦ ከተማ ጠቅሰሻል፣ ተባረኪ። እሱ ኮምቢኖ ሱፕራ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2006 የገባ፣ 54 ሜትር ገደማ፣ 4 እና 6 ቁጥር መስመር ላይ የሚሠራ። እዚያ እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ቦጊ አለው፣ የተንጠለጠለ ነገር የለም። የሲመንስ ሌላው ትራም አቬኒዮም የሄደው በዚሁ መንገድ ነው። አትፍሪ።

አቤል፦ የአዲስ አበባው ቀላል ባቡርም እንዲህ ነው?

መልስ፦ አይደለም። የቻይና ሥራ ነው፣ ወለሉም በከፊል ነው ዝቅ ያለው።

ቶሎሳ፦ ቀላል ባቡርና ትራም አንድ ነገር አይደለም እንዴ?

አቤል፦ ኧረ ምን ነካህ! ትራም ከመኪና ጋር መንገድ ይጋራል፣ የኛው የራሱ መስመር አለው።

የሺ፦ ቡዳፔስትም በብዙ ቦታ የራሱ መስመር አለው፣ ግን ትራም ነው የሚሉት።

አቤል፦ ስሙን ተይው፣ ጠዋት አያት ላይ ስትጋፊ ቀላልነቱን ትነግሪኛለሽ።

መልስ፦ ክርክራችሁን ሌላ ቦታ። ስለ ተሽከርካሪ ጠይቁ፣ ከተማና ሞዴል ጥቀሱ።

ናቲ፦ ፈረንሳይ፣ ቦርዶ ከተማ ከላይ ሽቦ የሌለው መስመር አለ። መሬቱ እግረኛን በኮረንቲ አይነዝርም?

መልስ፦ ጎበዝ። ሲታዲስ የሚባል ትራም ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ። መብራቱ ከሐዲዱ መሃል ነው የሚመጣው፣ ግን የሚለቀቀው ትራሙ የሸፈነው ቁራጭ ላይ ብቻ ነው። ትራሙ ሲያልፍ ይጠፋል።

ዳዊት፦ ጋሼ ኮምቢኖ ለምን ተሰነጠቀ?

መልስ፦ ዳዊት፣ ወደ ላይ አንብብ።

ዳዊት፦ አነበብኩት፣ ረዘመብኝ።

መልስ፦ እንግዲያው ልተኛ።