ጣሪያውን ተወውና መሬቱን እይ

ደሴ ውስጥ አንዲት የተረሳች ሙዚየም የሚጠብቅ አንባቢ ጽፎልኛል። ቤቱ የድሮ መኳንንት ቤት ነው፤ ግንቡ ድንጋይ በጭቃ። ከሁለት ዓመት በፊት በሲሚንቶ ተለስኖ ፕላስቲክ ቀለም ተቀባ። አሁን ልስኑ እስከ ወገብ አብጦ ይረግፋል፣ ነጭ ዱቄት ያወጣል። የተሰቀለው የቆዳ ጋሻ ሻግቷል። «ጣሪያው ይሆን? ውሃ የማያስገባ ቀለም ልቀባው?» ይላል።

ወንድሜ፣ ቀለሙን እርሳው። ጣሪያ ቢሆን እርጥበቱ ከላይ ይጀምር ነበር። ልስኑን በመዶሻ እጀታ ቆርቆር አድርገው፤ ባዶ ድምፅ ከሰጠህ፣ እርጥበቱ ከመሬት ነው የሚለው ጥርጣሬዬ ልክ ነው። ደጁንም እይ። በየጊዜው የተደለደለው አፈር ከወለሉ በላይ ሆኗል ብዬ እወራረዳለሁ። ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ውሃ ደግሞ እዚያው ይተኛል።

እዚህ ላይ ትንሽ ታገሰኝ። የአይጠየፍ አዳራሽ እድሜ ያለው ግንብ፣ የንጉሥ ሚካኤል ዘመን ማለቴ ነው፣ ከሥሩ እርጥበት የሚከለክል ነገር የለውም። ከመሬት ውሃ ይጠጣል፣ በገጹ ይተነፍሳል። ጭቃና ኖራ ያስተነፍሱታል። ሲሚንቶ ግን አፉን ይደፍነዋል። ላስቲክ ለብሰህ ጋቢ ብትደርብበት ምን ትሆናለህ? በላብ ትዘፈቃለህ። ግንቡም እንደዚያው ነው። መውጫ ያጣው ውሃ ወደ ላይ ይወጣል፤ ያመጣው ጨው ከልስኑ ጀርባ ይደርቅና እያበጠ ይገፋዋል። ነጩ ዱቄት እሱ ነው። ያ ለሳኝ ስንጥቁን በስቱኮ ደፍኖ ሂሳቡን ተቀብሎ ሄዷል፤ ስንቱን እንዲህ አይቻለሁ!

መጀመሪያ ጋሻውን አውርድ። ጥላ ያለበት ነፋሻ ቦታ አኑረው፣ ፀሐይ ላይ አታስጣው። ከውጭ አፈሩን ከወለሉ 20 ሳንቲሜትር ዝቅ አድርገህ ቆፍር፤ ውሃው ከቤቱ እንዲሸሽ ቦይ አውጣ። አሸንዳም ግጠም፤ ያቺን ስስ ፕላስቲክ ግን አትግዛ፣ አንድ በረዶ አትችልም። ከዚያ ሲሚንቶውን ከርጥበቱ 50 ሳንቲሜትር አልፈህ በመሮ አንሳ። በድሪል እንዳትነካው፣ ጭቃው ይራገፋል። ጨውን በደረቅ ብሩሽ ጥረግ እንጂ አትጠበው።

ለአዲሱ ልስን ጥሬውን ኖራ በውሃ ስታበርድ፣ ኖራውን ወደ ውሃው በትንሽ በትንሹ ጨምር። ውሃውን ኖራው ላይ አታፍስስ! ይፈላል፣ ይፈናጠራል፣ ዓይን ያጠፋል። መነጽርና ጓንት አድርግ። ሁለት ሳምንት ውሃ ውስጥ ይክረም። ከዚያ 1 ኖራ ለ3 የታጠበ አሸዋ፣ በስሱ ሁለት ዙር።

ግን ግንቡ ሳይደርቅ አትለስን። ኮምቦልቻ ቶሎ ይደርቃል፤ ደሴ ጉሙ አያስቸኩልህም። ክረምቱ እንደወጣ ጀምር፣ በጋውን ሙሉ ክፍት ተወው። ጋሻውን ስትመልስም ከግድግዳው አራቅ አድርገህ ማስቀመጫ ላይ አቁመው። ደግሜ ልንገርህ፤ ኖራው ወደ ውሃው ነው። ዓይንህ ከገባ ወዲያው በብዙ ንጹህ ውሃ እያጠብህ ወደ ጤና ጣቢያ ሂድ።