ውል ያለው አገር ከጦርነት መቅረት አይችልም ወይ? ላልከው

ወንድሜ፣ «የሁለት አገር ጠብ ሦስተኛውን እንዴት ይጎትታል? ውሉን ትቶ ዝም ማለት አይችልም ወይ?» ብለሃል።

እኔ ያደግሁት መንዝ ነው። አንድ ክረምት አጎቴ ከጎረቤቱ ጋር በገብስ ማሳ ወሰን ተጣላ። የተነቀለው ድንጋይ አንድ ነበር። በሳምንቱ ማሳውን አይተውት የማያውቁ የሁለቱም ወገን ዘመዶች ዱላ ይዘው ወጡ፤ «ወገኑን ጥሎ ቀረ» መባልን ፈርተው። ሽማግሌ ባይደርስ ደም ይፈስ ነበር። መንግሥታትንም የሚይዛቸው ይኸው ነው፤ ዛሬ አጋሩን የከዳን ነገ ማን ያምነዋል?

አንደኛው የዓለም ጦርነት እንዲህ ነው የጀመረው፦ እ.ኤ.አ. በ1914 ጁላይ 28 ኦስትሪያ-ሃንጋሪ በሰርቢያ ላይ ጦርነት አወጀች። ሩሲያ ለሰርቢያ ብላ ክተት አለች። ጀርመን ለኦስትሪያ ወግና ኦገስት 1 በሩሲያ፣ ኦገስት 3 የሩሲያ አጋር በሆነችው በፈረንሳይ ላይ አወጀች። በማግስቱ ቤልጅየምን ስትወር ብሪታንያ የቤልጅየምን ገለልተኝነት ለማስከበር የተፈረመውን የ1839ኙን ውል ይዛ ገባች። ይህ ሁሉ በስምንት ቀን!

መቅረት ግን ይቻላል። ከ1882 ጀምሮ ከጀርመንና ከኦስትሪያ ጋር የተዋዋለችው ጣሊያን፣ ውሉ ለመከላከል እንጂ ለማጥቃት አይደለም ብላ ቀረች፤ በ1915 ጭራሽ በተቃራኒው ወገን ተሰለፈች። በአንዱ አባል ላይ የተሰነዘረ ጥቃት በሁሉም ላይ እንደተሰነዘረ ይቆጠራል የሚለው የኔቶ (የምዕራባውያን የጦር ኪዳን) አንቀጽ 5 እንኳ እያንዳንዱ አባል አስፈላጊ ነው ያለውን ርምጃ ይውሰድ ይላል እንጂ የግድ ወታደር ላክ አይልም።