ፔሊካኗ ለምን ነጭ ብቻ ትሆንብኛለች?

ጥያቄ፦ ወንድሜ ያገለገለ ካሜራ ሰጠኝ። ጣና ዳር ሳነሳ ፔሊካኖቹ ነጭ ብቻ ይሆናሉ፤ የታንኳ ቀዛፊውም ይደበዝዝብኛል። ከምን ልጀምር? (አንባቢ፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ እህቴ፣ ካሜራሽ አልተበላሸም። ያሳሳተው ጠቆር ያለው ውሃ ነው። ካሜራው አብዛኛውን የሚያየው ውሃውን ስለሆነ ጨለማ መስሎት ብርሃን ይጨምራል፤ ያኔ የወፏ ላባ ይጠፋል። የፕላስና የማይነስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ተጭነሽ ወደ ማይነስ 1 አውርጂው። የላባዋ መስመር አንድ በአንድ ይወጣል። እኔ መጀመሪያ ያየሁት ቀን ከሐይቁ ዳር መነሳት አቃተኝ!

ለቀዛፊው የሹተሩን (ተከፍቶ ብርሃን የሚያስገባውን የካሜራ መጋረጃ) ፍጥነት ራስሽ ምረጪ። የካሜራውን መደወያ ኤስ (S) ወይም ቲቪ (Tv) የሚለው ፊደል ላይ አድርጊና በ1/30፣ በ1/125 እና በ1/500 ሰከንድ አንሺው። ቤት ስትገቢ ከመቅዘፊያው የሚንጠባጠበውን ውሃ አጉልተሽ እዪ። በ1/30 ክር ይመስላል፤ በ1/500 ጠብታዋ አየር ላይ ቆማ ታገኛታለሽ። ለሚበር ወፍ 1/1000 ይሻላል።

ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ውጪ፤ ብርሃኑ ለስላሳ ነው። ቀትር ላይ ሰው የምታነሺ ከሆነ ዛፍ ጥላ ሥር አድርጊው፤ አለዚያ ዓይኑ ሥር ይጠቁራል።

ደግሞ የደንገል ታንኳ የሚቀዝፉትን አስቀድመሽ አስፈቅጂ። ሥራ ላይ ናቸው። ያነሳሽውንም አሳዪያቸው።